የተገለጠው መጽሐፍ መጸዳጃ ቤቱን የት ያስቀምጠዋል?

ጥያቄ፦ የአርክቴክቸር ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የዚህ ሴሚስተር የስቱዲዮ ፕሮጀክታችን የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ነው፤ 40 አንባቢ፣ 4,000 መጽሐፍ፣ በጠቅላላው ወደ 250 ካሬ ሜትር። ሳይቱ አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ወርዱ 18፣ ርዝመቱ 30 ሜትር። መንገዱ በሰሜን በኩል ያልፋል፤ ከመንገዱ እስከ ደቡቡ ጫፍ መሬቱ 3 ሜትር ይወርዳል። ኮንሴፕቴ የተገለጠ መጽሐፍ ነበር፤ ጣሪያው እንደ ሁለት ገጽ ይከፈታል። ሦስት ሌሊት ሳልተኛ ሞዴልና ሬንደር (በኮምፒውተር የሚሠራ የሕንጻ ምስል) ሠርቼ መካከለኛው ጁሪ (ሥራችንን የሚገመግሙት መምህራን) ላይ ስቀርብ «ኮንሴፕትሽ ፕላኑ ላይ አይታይም፣ ስኬል የለውም፣ ሳይቱን አላየሽውም» ተባልኩ። ለመጨረሻው ጁሪ 24 ቀን ቀርቶኛል። ሥዕል ላይ ጎበዝ አይደለሁም፤ ላፕቶፔም ደካማ ነው። የፕላኑን ፎቶ አያይዤ ልኬላችኋለሁ። ከየት ልጀምር? ወይስ ዲፓርትመንት ልቀይር?

እንቅልፍ ያጣሁት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

እህታችን፣ መጀመሪያ ዛሬ ማታ ተኚ። ሦስት ሌሊት ያልተኛ ሰው በካተር የሚቆርጠው ካርቶን ብቻ አይደለም፤ ጣታቸውን በፕላስተር ጠቅልለው ጁሪ ፊት የሚቆሙ ተማሪዎች የሚበዙት በሳብሚሽን (በሥራ ማስረከቢያ) ሰሞን ነው። 24 ቀን ይህን ፕሮጀክት ከመሠረቱ ለመሥራት ይበቃል፤ ሬንደር ካልበላው።

የተነገረሽ ሦስት ነገር ቢመስልም አንድ ነው። ሕንጻውን ከላይ ሆነሽ እንደ ዕቃ አይተሽዋል። በር ከፍተሽ አልገባሽበትም፤ ቁልቁለቱንም በእግርሽ አልወረድሽውም። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም ሴክሽን ነው፤ ሕንጻውና መሬቱ ከላይ እስከ ታች ተቆርጠው ከጎን የሚታዩበት ሥዕል። ወደሱ እንመጣለን።

ስለ ኮንሴፕቱ በግልጽ እንነጋገር። ጀበና የሚመስል ካፌ፣ መሶብ የሚመስል የባህል ማዕከል፣ የተገለጠ መጽሐፍ የሚመስል ቤተ መጻሕፍት፤ ጁሪ ላይ የሚቀመጡ መምህራን ይህን ሲያዩ ኖረዋል። ቅርጹ ስላስቀየማቸው አይደለም የሚቆጡት፤ ሥራ ስለማይሠራ ነው። ኮንሴፕት ሁለት ፕላን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ «የቱን ልያዝ?» ስትይ የሚፈርድልሽ ሐሳብ ነው። የተገለጠውን መጽሐፍ «መጸዳጃ ቤቱን የት ላድርገው?» ብለሽ ጠይቂው፤ ዝም ይልሻል። «የልጆቹ ክፍል መንገዱ ጋ ይሁን ወይስ ከኋላ?» አሁንም ዝም። በምትኩ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሞክሪ፦ አንባቢው ከመንገዱ ጫጫታ ዝቅ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ክፍቱ ወደ ደቡብ አዙሮ ያነባል፤ ድምፅ ያለው ሁሉ ላይ፣ መንገዱ ጋ ይቀራል። ይሄኛው መልስ ይሰጣል። መጸዳጃው፣ የመጽሐፍ መመለሻው ጠረጴዛ፣ የልጆቹ ክፍልና ጋዜጣ ማንበቢያው ላይ፤ ጸጥታ የሚፈልገው ታች። እንዳለ ቅጂው አንልሽም። የራስሽን ጻፊ፤ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ይሁን፣ ግሡም ሰው ሕንጻው ውስጥ የሚያደርገውን ነገር ይናገር።

አሁን ቁልቁለቱ። በላክሽው ፕላን ላይ ወለሉ ከመንገድ እስከ ጓሮ ±0.00 ይላል፤ ሁሉም በመንገዱ ከፍታ ልክ ነው ማለት ነው። መሬቱ ደግሞ 3 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ሳታውቂው አንድ ትልቅ ውሳኔ ወስነሻል፤ ዋጋውን እናስላው። ሳይቱን በሙሉ በታችኛው ጫፍ ልክ ሜዳ ለማድረግ የሚወጣው አፈር 30 ሲባዛ በ3፣ ለ2 ተካፍሎ፣ በ18 ተባዝቶ 810 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ሲኖትራክ 16 ሜትር ኩብ ቢጭን 51 ምልልስ ይሆናል፤ የተቆፈረ አፈር ስለሚነፋ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። መንገዱ ሥር የ3 ሜትር የድጋፍ ግንብ ይቆማል፤ በዚያ በኩል የተቀመጠ አንባቢ መስኮት ሲከፍት የሚያየው እሱን ነው። በላይኛው ልክ ከሞላሽው ደግሞ ግንቡ ወደ ጎረቤት ጓሮ ይዞራል። «ሳይቱን አላየሽውም» ያሉሽ ለዚህ ነው።

ሳይቱን በሁለት እርከን ብትከፍይውስ? ላይኛው እርከን ከመንገዱ 0.75 ሜትር ዝቅ ብሎ −0.75፣ ታችኛው −2.25 ይሁን። በየእርከኑ ግማሹ ይቆረጣል፣ ግማሹ ይሞላል፤ የሚቆረጠው በድምሩ ወደ 100 ሜትር ኩብ ብቻ ነው፤ መረሬ (ጥቁር ሸክላ አፈር) ካልሆነ ለሙሌቱ ይውላል። መረሬ ከሆነ ግን ውኃ ሲጠጣ እያበጠ፣ ሲደርቅ እየተሰነጠቀ ወለልሽን ስለሚያነሳና ስለሚጥል ወጥቶ በሌላ መሞላት አለበት። ሳይቱ ላይ አንድ ጉድጓድ ወይም ያልተደፈነ ቦይ ፈልገሽ የአፈሩን ቀለም አይተሽ ተመለሺ፤ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ብዙ ተማሪ ደግሞ አያደርገውም።

በሁለቱ እርከን መካከል 1.5 ሜትር ልዩነት አለ። ደረጃው 15 ሳንቲሜትር ቁመት ያላቸው 10 እርምጃዎች ቢሆን መርገጫዎቹ 9 ናቸው፤ መርገጫ ምንጊዜም ከቁመቱ ቁጥር በአንድ ያንሳል፤ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት። እያንዳንዱ መርገጫ 30 ሳንቲሜትር ከሆነ ደረጃው 2.70 ሜትር ይረዝማል። ማረጋገጫው ሁለት ቁመት ሲደመር አንድ መርገጫ ከ60 እስከ 64 ሳንቲሜትር መምጣቱ ነው፤ ያንቺ 60 ይመጣል፤ ለልጅም ለሽማግሌም ይስማማል። በ9 ቁመት ብታደርጊውም ያስኬዳል፤ 16.7 ይሆንና ይረማመዳል፤ ግን ላይብረሪ ውስጥ መጽሐፍ ታቅፎ የሚወርድ ሰው እግሩን አያይም።

ራምፑ (ደረጃ የሌለው ተዳፋት መተላለፊያ) ነው የሚከብደው፤ ደግመሽ አንብቢው። ተሽከርካሪ ወንበር የሚወጣው ራምፕ 1 ለ12 ነው፤ 1.5 ሜትር ለመውረድ 18 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። በአንድ ጉዞ ከ75 ሳንቲሜትር በላይ ስለማይወረድ ሁለት የ9 ሜትር ክፍልና በመካከል 1.5 ሜትር ማረፊያ ያስፈልጋል። ቀጥ ካለ 19.5 ሜትር፤ ወርድሽ ደግሞ 18 ነው። ስለዚህ ይታጠፋል፦ ጎን ለጎን ሁለት 1.2 ሜትር ስፋት ያላቸው መስመሮች፣ በሁለቱም ጫፍ ማረፊያ፣ በድምሩ ወደ 2.5 በ12 ሜትር፤ 30 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ከ250ው ከአንድ አሥረኛ በላይ ወሰደብሽ! በዚህ ላይ ከመንገዱ ወደ −0.75 የምታስገቢበት ሌላ 9 ሜትር ራምፕ አለ፤ እሱን ከመንገዱ ጋር ትይዩ ብታስኬጂው ወርድሽ ይበቃል። አሁን ምርጫው ያንቺ ነው። ረጅሙን ራምፕ በአጥሩ ጎን ውጭ ታስኬጂዋለሽ? ወይስ የሕንጻው ዋና መንገድ አድርገሽው፣ ሁሉም ሰው በእሱ እየወረደ በግራ በቀኝ መጽሐፍ ያያል? ሁለተኛው ከሆነ ራሱ ኮንሴፕት ሆነልሽ። ራምፕን በመጨረሻው ሳምንት የሚጨምር ተማሪ ፕላኑን ሁሉ ያፈርሳል፤ ወይም 3 ሜትር ላይ ይስለውና ጁሪው «በዚህ ማን ይወጣል?» ይለዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚገባሽ፣ መጀመሪያ የሚሣለው ሴክሽን መሆኑ ነው። መንገዱን፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ቤት፣ ሳይትሽን፣ ከታች ያለውን ጎረቤት አንድ ላይ በ1 ለ200 (ወረቀቱ ላይ 1 ሳንቲሜትር በመሬት 2 ሜትር ሆኖ) ቁረጪው። አሥር ጊዜ፣ በአሥር ትሬሲንግ (ስስ አሳላፊ ወረቀት)፣ በነጻ እጅ። የአንቺ ሳይት በ1 ለ100 18 በ30 ሳንቲሜትር ነው፤ በሙሉ ኤ3 ላይ ይገባል። ስለዚህ ላፕቶፕ እስከ 14ኛው ቀን ድረስ አያስፈልግሽም፤ ደካማነቱ እንዲያውም ጠቅሞሻል እንበል። ሥዕል አለመቻልሽም አያሳስብሽ። ስቱዲዮ የሚፈልገው ቀጥ ያለ መስመርና ትክክለኛ ልክ ነው፤ ይህ በማስመሪያ ይሠራል። የሚለማመዱት የመስመር ውፍረትን ነው፦ የተቆረጠ ግድግዳና ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) በ0.5 ወይም 0.7 ሚሊሜትር፣ ከኋላ የሚታየው በ0.25 ወይም 0.35፣ ዕቃና ንጣፍ በ0.13 ወይም 0.18። ሁሉን በአንድ ብዕር ከሣልሽው ግድግዳና ወንበር እኩል ይጮኻሉ፤ ዓይን የቱን እንደሚያነብ አያውቅም።

ፕሮግራሙን፣ ማለትም ሕንጻው የሚይዛቸውን ክፍሎች ዝርዝር፣ በቁጥር ፍቺው። ለአንድ አንባቢ፣ ጠረጴዛውን፣ ወንበሩንና ማለፊያውን ጨምሮ 2.5 ካሬ ሜትር ያዢ፤ ለ40ው 100። አንድ ሜትር መደርደሪያ ወደ 30 መጽሐፍ ይይዛል፤ 90 ሳንቲሜትር ወርድ ያለውና አምስት ረድፍ ያለው መደርደሪያ በአንድ ፊቱ 135። ለ4,000 መጽሐፍ 30 ፊት፣ ማለትም ባለ ሁለት ፊት 15። በሦስት መስመር አምስት አምስት ብትደረድሪያቸው፣ የመደርደሪያው ጥልቀት 60 ሳንቲሜትር፣ መተላለፊያው 1.2 ሜትር ሆኖ 4.5 በ6.6 ሜትር ይሆናል፤ 30 ካሬ ሜትር ገደማ። ራምፑ 30፣ መጸዳጃ 15፣ ጠረጴዛና ቢሮ 20፣ መግቢያ 25፤ ድምሩ 220። ለግድግዳና ለማይታሰቡ ማዕዘኖች አሥር በመቶ ጨምሪበት፣ 242 መጣ። 250ው ተሞላ፤ ለተገለጠ ገጽ የሚተርፍ የለም። እነዚህን በ1 ለ200 ከካርቶን ቆርጠሽ ሳይቱ ላይ እያንሸራተትሽ ሞክሪ፤ የንባቡ ክፍል 5 በ5 ሳንቲሜትር ካሬ ነው። አንድ ሰዓት ካርቶን ማንሸራተት አንድ ቀን ማሰብን ይተካል።

ኮለኖቹን (ምሰሶዎቹን) ከ5 እስከ 6 ሜትር አራርቂያቸው፤ የቢሙ (ምሰሶዎቹን የሚያገናኘው አግዳሚ) ጥልቀት የርቀቱ አንድ አሥራ ሁለተኛ ገደማ ነው፤ ለ6 ሜትር 50 ሳንቲሜትር። ከወለል እስከ ሶሌታው አናት 3 ሜትር ብትዪ ከቢሙ ሥር 2.50 ይቀራል። ደረጃሽ ከቢም ሥር የሚያልፍ ከሆነ እዚያ ላይ ቢያንስ 2.10 መኖሩን ሴክሽኑ ላይ ለኪ፤ ፕላን ላይ ይህ ስህተት አይታይም።

ስለ ብርሃን ደግሞ አንድ ነገር እናሳይሽ። መምህርሽ ፕሪሲደንት (ለትምህርት የሚጠና ቀድሞ የተሠራ ሕንጻ) አምጪ ሲሉሽ ወደ ቪፑሪ ቤተ መጻሕፍት መሄድሽ አይቀርም፤ ፊንላንዳዊው አርክቴክት አልቫር አልቶ የነደፈው፣ በ1935 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ ዛሬ በሩሲያዋ ቪቦርግ ከተማ የሚገኝ ነው። ለአንቺ የሚጠቅም ነገር አለው፦ ወለሎቹ በከፍታ ይለያያሉ፤ ሠራተኛው ከፍ ካለው ጠረጴዛ ሆኖ ዝቅ ያለውን የንባብ ክፍል በሙሉ ያያል። ያንን ውሰጂ። ጣሪያው ላይ ያሉትን 57 ክብ መስኮቶች ግን አትቅጂ። እነሱ ጥልቅ ቀዳዳ ሆነው የተሠሩት በዚያ ኬክሮስ ፀሐይ ከ52 ዲግሪ ገደማ በላይ ስለማትወጣ ነው፤ ጨረሩ ጎናቸውን መትቶ ተበትኖ ይወርዳል። አዲስ አበባ ደግሞ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፤ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ እኩለ ቀን ላይ አናታችን ላይ ትቆማለች። ያ ቀዳዳ እዚህ ቀጥታውን ጨረር መጽሐፉ ላይ ያፈሰዋል፤ ወረቀቱ ይገረጣል፣ አንባቢው ይሸሻል። ከሁሉም ፕሪሲደንት «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብለሽ ምክንያቱን ቅጂ።

ያንቺ ሳይት ለደቡብ የተከፈተ ነው። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ በደቡብ በኩል ወደ 57 ዲግሪ ከፍታ ላይ ትሆናለች፤ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። ከመከለያው ሥር 1.5 ሜትር ቁመት ላለው መስኮት ጥላው እስከ ታች እንዲደርስ መከለያው ወደ 95 ሳንቲሜትር መውጣት አለበት። በሰኔ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ትዞርና 75 ዲግሪ ላይ ትቆማለች፤ ለዚያ 40 ሳንቲሜትር ይበቃል፤ ብዙውን ጊዜም ደመና ነው። ምሥራቅና ምዕራብ ላይ አግድም መከለያ ዋጋ የለውም፤ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በሥሩ ትገባለች። እዚያ መስኮት አትክፈቺ፤ ከከፈትሽ ቀጥ ያሉ ክንፎች ወይም ዛፍ አድርጊ። ስለ ክረምቱም አስቢ፤ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ሕንጻሽን ነው መጀመሪያ የሚያገኘው። በመንገዱ በኩል ውኃውን ዙሪያውን የሚወስድ ቦይ ሴክሽኑ ላይ ካለ ጁሪው ልብ ይላል።

«ስኬል የለውም» የሚለው ትችት ሁለት ምንጭ አለው። አንደኛው ሥዕልሽ ላይ ሰውና ዕቃ አለመኖሩ። በ1 ለ100 ሰው 1.7 ሳንቲሜትር ነው፤ ጠረጴዛ 7.5 ሚሊሜትር ከፍታ፣ በር 9 በ21 ሚሊሜትር። ሜትር ገዝተሽ ቦርሳሽ ውስጥ ይሁን፤ የምትቀመጪበትን ወንበር፣ የሻይ ቤቱን ጠረጴዛ፣ የዶርምሽን ኮሪደር ለኪና በ1 ለ50 ሣዪ። በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ በሦስት ሳምንት 90 ሳንቲሜትር ምን ያህል እንደሆነ ዓይንሽ ያውቃል። ሁለተኛው ምንጭ ሞዴሉ ነው። የላክሽው ፎቶ ጫፍ ላይ ሞዴልሽ ይታያል፤ በ5 ሚሊሜትር ፎም ቦርድ ሠርተሽዋል። በ1 ለ100 ያ 50 ሳንቲሜትር ግድግዳ ነው! የብሎኬት ግድግዳ 20 ሳንቲሜትር ስለሆነ የሚያስፈልግሽ 2 ሚሊሜትር ካርቶን ነው። ውስጡ የጠበበሽ፣ ውጪው ምሽግ የመሰለው በዚህ ነው።

ለሳይት ሞዴሉ በ1 ለ200 2.5 ሚሊሜትር ካርቶን ተጠቀሚ፤ እያንዳንዱ ንጣፍ ግማሽ ሜትር ስለሆነ 3 ሜትሩ በስድስት ንጣፍ ያልቃል። ሁለት ግድግዳ ማዕዘን ላይ ሲገናኝ አንደኛውን በካርቶኑ ውፍረት ልክ አሳጥሪው፤ ካልሆነ ሳጥኑ አይዘጋም። በብረት ማስመሪያ፣ በሦስት ቀላል ምት ቁረጪ፤ በአንዴ ለመቁረጥ የሚጫን ሰው ነው የሚጎዳው። ምላጩ መጎተት ሲጀምር ጫፉን ስበሪው። ፎም ላይ ሱፐር ግሉ አታድርጊ፣ ያቀልጠዋል፤ ነጭ ኮላ በቀጭኑ ቀብተሽ አሥር ደቂቃ በመጽሐፍ ተጫኚው።

ቀኑን እንዲህ ክፈዪ። የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ሳይትና ሴክሽን ብቻ። እስከ አሥረኛው ቀን ሦስት የተለያዩ ፕላኖች፤ ሦስቱ በእውነት ይለያዩ፣ አንዱን ገልብጦ ሦስት ማለት አይቆጠርም። በ14ኛው ቀን አንዱን ያዢና ከዚያ ወዲያ አትቀይሪው። ሌላው ቀን ማስተካከያ፣ መጨረሻዎቹ አምስት ቀናት ምርት፤ የሚቀርቡትን ሥዕሎችና ሞዴል መሥራት ማለት ነው። ኤ1 ሺትሽን መጀመሪያ ኤ3 ላይ አሳትሚው፤ ሁሉ በግማሽ ስለሚያንስ 1 ለ100 የነበረው 1 ለ200 ይሆናል። በዚያ ልክ ጽሑፉ ከተነበበ፣ መስመሩም ከተለየ፣ ትልቁ ይሰምራል። ማተሚያ ቤት ከሳብሚሽኑ ሁለት ቀን በፊት ሂጂ፤ በዋዜማው ሰልፍ አለ፣ መብራትም ይጠፋል፤ ፋይሉን በፒዲኤፍ፣ በሁለት ፍላሽ ያዢ።

ዴስክ ክሪት (መምህሩ ጠረጴዛሽ ጋ መጥተው ሥራሽን የሚያዩበት) ላይ ሁለት አማራጭ ይዘሽ ቅረቢ። አንድ ብቻ ካመጣሽ መምህሩ ወይ ይወዱታል ወይ ይጠሉታል፤ ሁለት ካመጣሽ ስለ ልዩነቱ ይናገራሉ፤ የምትማሪውም ከዚያ ነው። «ደቨሎፕ አድርጊው» ሲሉሽ ብዙውን ጊዜ በሚቀጥለው ስኬል ሣዪው ማለታቸው ነው፤ ከ1 ለ200 ወደ 1 ለ100፣ ከዚያ ወደ 1 ለ50። ጁሪ ላይ ጓደኛሽ አስተያየቱን ይጻፍልሽ፤ አንቺ ቆመሽ እየሰማሽ መጻፍ አትችዪም። አምስት ደቂቃ ካለሽ የመጀመሪያውን ደቂቃ ለሴክሽኑ ስጪ፤ ጣሪያውን ለመጨረሻ አቆዪው።

ዲፓርትመንት ስለመቀየር፦ ከዚህ ጁሪ ተነስተሽ አትወስኚ። አንድ ፕላን አራተኛ ጊዜ ስትሥዪው ምን እንደሚሰማሽ እስከ አሥረኛው ቀን ታውቂዋለሽ። ያ ሥራ በራሱ ካስጠላሽ ሌላ ትምህርት መፈለግ ነውር የለውም፤ ያስጠላሽ በሰው ፊት መተቸቱ ብቻ ከሆነ ግን እሱ ከአንድ ሴሚስተር ወደ ሌላው እየቀለለ ይሄዳል።

ነገ ጠዋት ሜትሩንና ትሬሲንጉን ይዘሽ ወደ ሳይቱ ሂጂ። ከመንገዱ ጀምረሽ እስከ ታችኛው አጥር ውረጂ፤ ስንት እርምጃ እንደሆነ ቁጠሪ። እዚያው ቆመሽ የመጀመሪያውን ሴክሽን ሣዪ፤ ማዶ ያለውን ቤት እንዳትረሺ።